ለፌንጣ የሰጠኋት አሥራ አንድ ራይት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ ነው፤ ዝናቡ አቁሞ መንገዱ መድረቅ ሲጀምር። ከዚያ ወዲህ አስተማሪ ደብተሬ ላይ ራይት ባደረገልኝ ቁጥር ደጎሎ ላይ የሆንኩት ትዝ ይለኛል። ክፍል ውስጥ ብቻዬን ስስቅ አንድ ሁለቴ ተይዣለሁ።

አባቴ ጨርቅና ጨው በበቅሎ ጭኖ በመካነ ሰላም ዙሪያ ያሉትን የገጠር ገበያዎች የሚያዳርስ ነጋዴ ነው። ሁለት በቅሎዎች ነበሩት። ጉልበቱ ግን ቁልቁለት እምቢ ካለ ቆይቷል። ከገበያ ሲመለስ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ ነው የሚያስገባው።

ታዲያ ደጎሎ ውስጥ አንዲት ነገር እንደምትሸጥ ሰማ። መኪናም አትባል፣ ሞተርም አትባል። በር የላትም። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ታስቀምጣለች፤ ከኋላዋ ሁለት ሦስት ኩንታል የሚይዝ ሳጥን አላት፤ ጎማዎቿ ጭቃም ድንጋይም አይፈሩም። መንገድ ሊሠሩ የመጡ ሰዎች ሲሄዱ ሸጠዋት ነው የቀረችው። እዚያ አካባቢ ስትዘል አይተው ‹ፌንጣ› ይሏታል።

አባዬ በቅሎዎቹን ሸጦ ሊገዛት ቆረጠ። የበቅሎ ገዢም ተገኘ። ፌንጣ ደህና ከሆነች አባዬ ከእግር መንገድ ይገላገላል። ከታመመች ግን በቅሎም የለን፣ ፌንጣም የለን፣ ገበያም የለን። ይህን እናቴ በቀን አምስት ጊዜ ስለምትናገረው ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል።

እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁት። ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የማነብ እኔ ብቻ ነኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ስልክ ላይ ተጥጄ፣ እንዲህ ያለች ተሽከርካሪ ከመግዛት በፊት ምን ምን ብልሽት እንደሚታይ አነበብኩ። አሥራ አንድ ነገር አወጣሁ። በቀይ እስክሪብቶ ርዕስ ሰጥቼ፣ በማስመሪያ አስምሬ፣ ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ራይት ወይም ኤክስ የማደርግበት ባዶ ቦታ ተውኩ። ደብተሩ ሲያምር! ግማሹን በትክክል ሳልረዳው መጻፌን ያኔ አላወቅኩም።

መንገድ ላይ አባዬን መከርኩት። የበቅሎ ገበያ ወግ እንዳያመጣ፣ ጥርሷን ልይ እንዳይል፣ ዝም ብሎ እንዲያይ ነገርኩት።

‹‹እሺ ሰዓዳ፣ ዝም እላለሁ›› አለኝ። ‹‹አንቺ ግዛ ካልሽኝ እገዛለሁ።››

ይህቺ ቃል እስከ ደጎሎ ድረስ አሳበጠችኝ።

የፌንጣ ባለቤት አቶ በለጠ ገብስ ነጋዴ ናቸው፤ ወፍራም፣ ዝምተኛ ሰው። ግቢያቸው ስንገባ ፌንጣ ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ንጹህ ገለባ ላይ ቆማለች። ጎረቤቶችም ‹ከመካነ ሰላም የሚያህል ቦታ መርማሪ መጣ› ተብለው ነው መሰለኝ ተሰብስበዋል። ደብተሬን ገለጥኩ።

አንደኛው ‹ሞተሩን መንካት› ይላል። ነካሁት። ሞቅ ብሏል። የሞቀ ነገር ጤነኛ ነው ብዬ ራይት። ሁለተኛው ‹ከሥሯ ዘይት ማየት› ነበር። ጎንበስ አልኩ፤ ገለባ ብቻ። ራይት። አባዬ ቁጢጥ ብሎ ከገለባው በእጁ ዘግኖ ማየት ሲጀምር በዓይኔ ገሠጽኩት። ጥሎ ተነሳ።

ስለ ኩሽኔታ፣ ጎማው ስለሚሽከረከርበት ብረት፣ ስልኩ የሚለው ጎማውን ከመሬት አንስተሽ ነቅንቂው፣ ከተናጋ አልቋል ነበር። እኔ የጻፍኩት ‹ጎማ መነቅነቅ› ብቻ ነው። መሬት ላይ እንደቆመች፣ ያ ሁሉ ክብደት ተጭኗት፣ ጎማዋን በሁለት እጄ ይዤ በኃይሌ ሁሉ ታገልኩ። ፍንክች አላለችም። አንዲት ሴትዮ ልጅቱ ምን ሆና ነው ብላ ስትጠይቅ ሰማሁ። እኔ ግን ጥንካሬዋን አድንቄ አራቱንም ጎማ አዳርሼ ራይት ሰጠሁ።

ከዚያ አቶ በለጠ አጠገባቸው አስቀምጠውኝ ዳገቱን ወጣን። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ እሳቸው ግን መሪውን ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ያደርጋሉ። የጎበዝ ሹፌር አነዳድ መሰለኝ። አጋማሽ ላይ የሚያርር ነገር ሸተተኝ። የደጎሎ ገብስ ትዝ አለኝና ‹‹ደስ የሚል የቆሎ ሽታ›› አልኳቸው። አቶ በለጠ ሳል ያዛቸው።

ስንመለስ ደብተሩ በራይት ተሞልቷል። አንድ ኤክስ የለም። ያ ሁሉ ሰው እየሰማኝ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ‹‹አባዬ፣ ግዛ። ነውር የላትም›› አልኩ።

እዚያ ሰፈር ትልቅ ነገር ሲሸጥ እስላሙም ክርስቲያኑም ሸህ ይመርን ጠርቶ ዱዓ ያስደርጋል። አቶ በለጠም አስጠሯቸው። ሸህ ይመር ተቀመጡ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ ሁላችንም ዘረጋን። ከዚያ እጃቸውን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት።

‹‹በለጠ፣ ነውሯን ተናገር›› አሉ። ‹‹ነውር ተሸፍኖ ዱዓ አይደረግም።››

አባዬ ቀና ሲል አየሁት። ለካ እሱም በሬም በቅሎም ሲገዛ የኖረው እንዲህ ነው። ይዋጋል ወይ፣ ይራገጣል ወይ ብሎ ባለቤቱን ይጠይቃል፤ ባለቤቱም ዱዓ ፊት አይዋሽም። እኔ ነኝ ይህን የበቅሎ ገበያ ወግ ብዬ አፉን ያስዘጋሁት።

አቶ በለጠ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ‹‹ጠዋት አትነሳም። ዛሬም እነሱ ሳይመጡ ብዙ ታግዬ ነው ያሞቅኋት። ዘይት ታንጠባጥባለች፤ ገለባውን ያነጠፍኩት ለሱ ነው። የኋላ ግራ ጎማዋ ኩሽኔታው አልቋል። መሪዋ ላልቷል። ዳገት ላይ ደግሞ ኃይል ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው የላስቲክ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ያርራል።›› ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ‹‹ቆሎ አልነበረም የኔ ልጅ።››

ሸህ ይመር ለምን ቀድመው እንዳልተናገሩ ጠየቋቸው። አቶ በለጠ የጠየቃቸው እንደሌለ፣ እኔ ያን ያህል ስጽፍ ሲያዩ ሁሉንም የደረስኩበት እንደመሰላቸው ተናገሩ።

ሸህ ይመር ጢማቸውን እየዳሰሱ ‹‹አንቺስ ልጄ፣ ደብተርሽ ምን ይላል?›› አሉኝ።

‹‹ነውር የላትም ይላል፣ ሸህ አባ።››

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ያቺ ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ትንሰቀሰቃለች። አባዬ ግን አልሳቀም። መሬት መሬቱን እያየ ጉልበቱን ያሻል። በቅሎዎቹን ለሚገዛው ሰው ‹ነገ ና ውሰድ› ብሎት ነው የመጣነው። ዱዓው ቢያልቅ ኖሮ ቃል ቃል ነው፤ አባዬ አይመለስም። በኔ ራይት የተነሳ በዚያ ጉልበት ጨው ተሸክሞ ሲሄድ ታየኝና እንባዬ መጣ።

አባዬ ሳያየኝ አልቀረም። ‹‹ሰዓዳ›› አለኝ ቀስ ብሎ፣ ‹‹አዲስ ገጽ ግለጪ።››

ገለጥኩ። አቶ በለጠ አንድ በአንድ ነገሩኝ፣ እኔም ጻፍኩ። የረሱትን እንኳ ሸህ ይመር ‹እስቲ ፍሬኗስ?› እያሉ አስታወሷቸው። ሲያልቅ ቺንጋው፣ ኩሽኔታውና መሪው ተሠርቶ እንድንገናኝ ተስማሙ። ለዚያ ቀን ዱዓው ቀረ፤ የበቅሎ ገዢውንም አባዬ ታገሰኝ አለው።

በወሩ ዋዜማውን ሄደን ደጎሎ አደርን፤ ማለዳ፣ ማንም ሳያሞቃት ደረስንባት። ለሁለት ሦስት ጊዜ አጉረመረመችና ተነሳች። በክሪክ ጎማዋን አስነስቼ ነቀነቅኩ፤ አልተናጋም። ዳገቱ ላይ ምንም አልሸተተም፤ እውነተኛ ቆሎ እንኳ። ዘይቷ ትንሽ ይንጠባጠብ ነበር፤ ኤክስ አደረግኩ። አባዬ በኤክሷ ዋጋ አስቀንሶ ገዛት፣ ሸህ ይመርም ዱዓቸውን አደረጉ።

አንደኛዋን በቅሎ ግን አልሸጣትም። ለምን ስለው ‹‹ፌንጣ ስትታመም ማን ይጎትታታል?›› አለኝ።

አሁን አባዬ ገበያ ደርሶ ሲመጣ በእግሩ እየተራመደ ነው ቤት የሚገባው። ደጎሎ የሄድን እንደሆነ እነዚያ ጎረቤቶች ‹ቆሎ ሸተተሽ?› ይሉኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ መሬት ዋጪኝ እል ነበር። አሁን አዎ፣ ከዚህ ከእናንተ ቤት ነው እላቸዋለሁ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለአባዬ አነበብኩለት። መጀመሪያ ስጽፈው የጎማውን ነገር ዘልዬው ነበር፤ እሱ እንኳ ይቅርልኝ ብዬ። አባዬ እስከ መጨረሻው ሰማኝና ‹‹ጎማዋን መሬት ላይ እንዳለች የታገልሽውስ?›› አለኝ።

ተመልሼ አስገባሁት።