አባቴ ለምን እንደከሳ

የእህቴ ኩላሊቶች ሥራ ሲያቆሙ አባቴ ከሁላችን ቀድሞ «የኔን ስጧት» አለ። የመጀመሪያው ምርመራ ኩላሊቱ እንደሚስማማት አሳየ። ሐኪሙ ግን ሚዛኑን አይቶ፣ «አባት፣ በዚህ ክብደት ቀዶ ጥገና አይሆንም። መጀመሪያ ይክሱ» አለው።

አባቴ አየር ጤና የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ግዙፍ ሰው ነው። በሰፈራችን ቦርጭ ያለው ነጋዴ ሥራው የሰመረለት ተደርጎ ስለሚታይ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ «ክሳ» ያለው ሰው አልነበረም።

ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሁላችንም እፎይ አልን። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ጾሙ ራሱ ያከሳዋል ብለን። እኔም ዩኒቨርሲቲ እየተማርኩ ከዚህ የተሻለ አላሰብኩም። በጾሙ አጋማሽ ሚዛን ላይ ሲቆም ጭራሽ ጨምሮ ተገኘ። ነርሷ ምን እንደሚበላ ጠየቀችኝ። ሽሮ፣ ድንች ወጥ፣ ፓስታ፣ ዳቦ በለውዝ ቅቤ እያልኩ ነገርኳት።

«ሽሮው ዘይት አለው?»

«በደንብ።»

«የኔ እናት፣ ዘይት እኮ በማወፈር ከቅቤ አያንስም።»

እህቴ አጠገባችን ተቀምጣ ትሰማ ነበር።

ከዚያ በኋላ የአባቴን ምግብ እኔ ያዝኩ፤ እናቴ የእህቴን። ነርሷ እንደመከረችኝ ጥቅል ጎመን፣ ዝኩኒ፣ አበባ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ኪያርና ሰላጣ አበዛሁለት። እነዚህ ሆድ ይሞላሉ እንጂ አያወፍሩም። ሽንኩርት ያለ ዘይት፣ ውሃ ጠብ እያደረግኩ ማቁላላት ለመድኩ። እንዳይሰለቸው ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ሎሚ እጨምርበታለሁ። ምስሩ በትንሹ፣ እንጀራው ግማሽ። ለአባቴ እንደልብህ ብላ የተባለው ቆስጣና ቲማቲም፣ ፖታሲየሙ ለታመመ ኩላሊት ስለማይሆን፣ ለእህቴ ክልክል ነበር። አንድ ገበታ ቀርበው እሷ የእሱን ሰሃን፣ እሱ የእሷን እያዩ ይበላሉ።

ሱቁ ውስጥ ምሳ ዕቃውን ሲከፍት የጎረቤቱ ባለሱቅ ይስቅበታል። «አንተ ሰውዬ፣ ጥንቸል ሆነህ ቀረህ እኮ!»

«ጥንቸል ስንት ልጅ እንዳላት ታውቃለህ?» ይለዋል አባቴ። «እኔ የምግጠው ለአንዷ ብቻ ነው።»

ከፋሲካ በኋላ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። ቀበቶውን በሚስማር እየበሳ ያጠብቀዋል። አዲስ ቀዳዳ በበሳ ቁጥር እህቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ «እስቲ ሳብ አድርጊው» ይላታል። እሷ በተቃራኒው ከአንዱ የኩላሊት እጥበት እስከ ሌላው ፊቷ እያበጠ ነበር።

«አባዬ፣ ያንተ ውፍረት እኮ ወደ እኔ እየመጣ ነው» አለችው አንድ ቀን።

«ተይው ይምጣ። ኋላ አብረን እናራግፈዋለን።»

ሐኪሙ «አሁን ይበቃል፣ የመጨረሻውን ምርመራ እንሥራ» ያለው ቀን፣ እኔ ትምህርት ክፍል ውስጥ ሳለሁ አባቴ ደወለልኝ። ወጥቼ አነሳሁት። «አለፍኩ!» አለኝ፣ ልክ ፈተና እንዳለፈ ልጅ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ምርመራው ሳይደርስ እህቴ ሳንባዋን ታመመች። ሆስፒታል አስተኟት፤ አልተመለሰችም።

እድሩ ድንኳኑን በራችን ላይ ተከለ። አባቴን ከርመው ያዩት ዘመዶች ከደቡብም ከዓለም ባንክ ሰፈርም እየመጡ፣ ገና ሲያዩት ደረታቸውን ይመታሉ። «ወይኔ ወንድሜ፣ እንዲህ ይሟሽሽ?» «ሐዘን እኮ ሰው ይጨርሳል!» ውሃ እያዞርኩ እሰማቸዋለሁ። ሐዘን አይደለም ያከሳው ልላቸው ፈልጌ ነበር። ትድናለች ብሎ ነው የከሳው። እያንዳንዱን ኪሎ ያወረደው ደስ እያለው፣ እየቀለደ ነበር። ግን ይህን ለለቀስተኛ እንዴት ብለው ይናገሩታል?

ማታ ሲቃረብ የእድሩ ሽማግሌ አጠገቡ ተቀምጠው፣ ዘይቱ ከላዩ የሚያብለጨልጭ ወጥ በእንጀራ ጠቀለሉ።

«በል እንጂ፣ ሳይበሉ መዋል አይሆንም። ለእኔ ስትል።»

ጉርሻው አፉ ድረስ መጣ። አባቴ አልከፈተም። አንገቱን አዙሮ ድንኳኑ ውስጥ ይፈልግ ጀመር፤ ወንበሮቹን፣ ሴቶቹን፣ በሩን። ያገኘው እኔን ነው። ጆጉን ይዤ ቆሜያለሁ። ልብላው? ብሎ የሚጠይቅ ፊት ነበር።

በእሺታ ራሴን ነቀነቅኩለት። ያኔ አፉን ከፈተ።