ጥንቅሽ የሰጠችኝ ሴት

ዛሬ ኅዳር ይታጠናል። ጭሮ ከተማ ውስጥ ሰው በየደጁ ቆሻሻና የማሽላ አገዳ እያቃጠለ ነው። ጭሱ አፍንጫዬ ሲገባ በደርግ ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ፣ በዚሁ ወር የታመምኩበት ቀን ትዝ አለኝ።

ትኩሳት ያንቀጠቅጠኝ ነበር። እናቴና ጎረቤቶቻችን "ቡዳ በልቶታል" ብለው በጋቢ ሸፍነው ጭስ ላይ ደፉኝ። በልማዱ የበላውን ሰው ስም የሚጠራው ራሱ በሽተኛው ነው።

"ማን በላህ? ተናገር!" ይሉኛል። ዓይናቸው ግን የሸክላ ሠሪዋ የእማማ ደስታ ቤት ላይ ነው። ትናንት ጥንቅሽ ስትሰጠኝ ሰፈሩ ሁሉ አይቷል። ስሟን ብጠራ ከሰፈር እንደምትባረር ልጅም ብሆን አውቃለሁ።

ጫት ነጋዴው ጎረቤታችን አባባ ኡመር ጩኸቱን ሰምተው ገቡ።

"ጥንቅሹንማ እኔም በልቻለሁ። በሉ እኔንም አጥኑኝ!" ብለው አጠገቤ ተቀምጠው ይስሉ ጀመር።

"ኧረ አባባ፣ እርስዎን ደግሞ ማን ደፍሮ ይበላል!" አለች አንዷ። ሴቶቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

"የሁላችሁም እንስራ የሷ እጅ ሥራ ነው። ወላሂ፣ ውሃውን ስትጠጡ አንድም ቀን አልፈራችሁም። ልጁን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።"

እናቴ አዘለችኝና ወጣን። ያዳነኝ መርፌው ይሁን ጭሱ፣ እስክታልፍ ድረስ ቁርጡን አልነገረችኝም። እማማ ደስታ ግን እዚያው ሰፈር አረጀች።

ልጆቼን እቆጣለሁ። በሌለ ሰው ላይ ክፉ አታውሩ እላለሁ፤ የሚበሉትንም ከማን እንደተቀበሉ እጠይቃለሁ። አሁን ትንሿ ልጄ ጥንቅሽ እየላጠች በጭሱ መሃል መጣችና ቆርሳ ሰጠችኝ። ማን እንደሰጣት ሳልጠይቅ በላሁ።