ያላልኩት አሚን

ባለቤቴ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደችው በሐኪም ትእዛዝ ነው። አስሟ ከዓመት ዓመት እየባሰባት ሄዶ፣ ክረምት ሲገባና ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃፋችን ላይ ሲቀመጥ፣ ትራስ ደርድራ ቁጭ ብላ ታነጋ ነበር። ሐኪሙ ወጣት ቢሆንም ደፋር ነው። «እናቴ፣ መድኃኒቱን እኔ ልስጥዎት፣ ብርዱን ግን እርስዎ ይሽሹት» አላት። ልጃችን ኮምቦልቻ ባል አግብታ ስለምትኖር ጓሮዋ ያለውን ክፍል ለቀቀችልን። «ለቀቀችልን» ያለችው ባለቤቴ ናት። እኔ በልቤ «ለቀቀችላት» እያልኩ ነበር፤ የመሥሪያ ቤት ሰው ነኝ፣ ለስድሳ ዓመቴም ገና አራት ይቀረኛል።

ሥራዬ ውሃ መክፈትና መዝጋት ነው። ደሴ ውሃ የሚደርሳት በፈረቃ ነው፤ ዛሬ ለዚህ ሰፈር ከተለቀቀ ለዚያኛው ይዘጋል። ረጅሙን የብረት ቁልፍ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወደ ሰኞ ገበያ ሰፈር ስወርድ ሴቶቹ ከየበራቸው ብቅ ይሉና «ዛሬስ የኛ ነው?» ይሉኛል። ውሃ በመጣ ቀን የማይመርቀኝ የለም፤ በጠፋ ቀን ደግሞ የማይረግመኝ የለም፣ ቧንቧው የተሰበረው በእኔ እጅ ይመስል። እውነቱን ለመናገር ሁለቱንም እወደው ነበር። ሰው ስምህን ጠርቶ የሚረግምህ ሲያስፈልገው ነው።

ሃያ አምስት ዓመት ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ ሃምሳ አምስት ሲሞላው በፈቃዱ ጡረታ መውጣት ይችላል። እኔ ሁለቱንም አልፌያለሁ። ልጄ ይህን ከየት እንደሰማች እንጃ፣ እናቷ በወረደች በወሩ «አባባ፣ አሁን እኮ መውጣት ትችላለህ» አለችኝ። ቀድሞ የወጣ ሰው አበሉ ያንስበታል ብዬ መለስኩላት። ይህ ውሸት አይደለም፤ እስከ ስድሳው ያገለገለ የተሻለ ያገኛል። ግን ዋናው ምክንያቴ እሱ አልነበረም። በቁጥር የሚነገር ምክንያት ስለሆነ ያለ ኀፍረት እናገረው ነበር እንጂ።

ዋናው ምክንያቴ አንድ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጡረታ የወጣ የሥራ ባልደረባዬ። ጠዋት ጠዋት ፒያሳ ጥግ ቆሞ ይጠብቀኛል። ከዚያ እስከ ሆጤ፣ ከሆጤ ደግሞ እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አብሮኝ ይሄዳል። ፈረቃው የየትኛው ሰፈር እንደሆነ ሳልነግረው ያውቃል። ቫልቩ ጋ ስንደርስ «እስቲ ልያዝልህ» ይለኝና ቁልፉን ከእጄ ይቀበላል፣ ሁለት ዙር አዙሮም «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይመልስልኛል። አንጀቴን ይበላው ነበር። ደግሞ እናደድበት ነበር፣ ምክንያቱም እሱን ባየሁ ቁጥር የማየው ራሴን ነው።

ስለዚህ ምክር መጠየቅ ጀመርኩ። ምክር የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው የገዛ ሐሳቡን በሌላ ሰው አፍ መስማት ነው፤ እኔም ከዚህ አልተለየሁም። የሠራተኛ ጉዳይ የምትይዘው ልጅ «ጋሼ፣ አሁንም ይችላሉ፣ ስድሳዎት ላይም ይችላሉ። እርስዎ የቱን ይፈልጋሉ?» አለችኝ። ይህን ባውቀው ቢሮሽ ምን አመጣኝ ልላት ነበር፣ ዋጥ አደረግኩት። አለቃዬ ደግሞ «እኛን ጥለኸን የት ትሄዳለህ?» አለ። ደስ አለኝ። በማግሥቱ ለጥበቃውም ያንኑ ሲለው ሰማሁት።

ዓርብ ዓርብ ከሥራ በኋላ ሚኒባስ ይዤ እወርዳለሁ። የሐረጎን ዳገት ጨርሰን ቁልቁል ስንጠመዘዝ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል፣ ተሳፋሪው ሁሉ ጃኬቱን ማውለቅ ይጀምራል። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ተስማምቷታል። ፊቷ ተመልሷል፣ ማታ ማታ እንደ ሰው ጋደም ብላ ትተኛለች። ሳሉ ግን ጨርሶ አልለቀቃትም፤ አንዳንድ ሳምንት ይነሣባትና ያስጨንቃታል። በዚያ ሳምንት እኔ ደሴ ቫልቭ እያዞርኩ ስለሷ የምሰማው በስልክ ነው።

ስልኩም ስልክ አይደለም። «በላህ?» ትለኛለች። «በላሁ» እላታለሁ። «ምን?» «ሽሮ።» «አረረ?» «ትንሽ።» በዚህ እንዘጋለን። አንድም ቀን «መቼ ነው የምትወርደው?» ብላኝ አታውቅም። ብትጠይቀኝ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፣ ስለ አበሉ የሚያወራውን። አልጠየቀችኝም። ይህ ዝምታዋ ኩርፊያ መሰለኝ፤ ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ ኩርፊያዋን የማላውቀው ይመስል ፈረድኩባት።

ከዚያ ደጋን ያሉት አጎቷ ዱዓ ጠሩ። እሑድ ነበር። ደጋን ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እኒህ አጎቷም የታወቁ ሽማግሌ ናቸው፣ ለዱዓቸው ከቢስቲማ ድረስ ሰው ይመጣል። በእኛ አገር በዱዓ ላይ ሐጃ፣ ማለት የሚለምነው ጉዳይ፣ ያለው ሰው ሐጃውን በሰው ፊት ይናገራል። ልጄ አልጋ ላይ ናት፣ በሬዬ ጠፍቷል፣ ልጄ መንገድ ላይ ነው ይላል። ሽማግሌው በዚያው በተናገረው ቃል ይለምኑለታል፣ የተሰበሰበው ሁሉ እጁን ዘርግቶ «አሚን» ይላል። አሚን ከተባለ በኋላ ነገሩ ከሰውየው እጅ ወጥቷል። እኔም የፈለግኩት ይህንኑ ነበር፤ ሌላ ሰው ይወስንልኝና ነገሩ ከትከሻዬ ይውረድ።

ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀመጥን። ባለቤቴ ከልጃችን ጋር በዚያ ወገን ናት። የሰዉ ሐጃ በየተራው ተነገረ፣ አሚን ተባለ። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ጉሮሮዬን ጠራረግኩ።

«አባባ፣ ኸይሩን፣ የሚበጀውን ይምረጥልኝ በሉልኝ» አልኩ።

«ኸይሩንማ አላህ ይመርጣል» አሉ ሽማግሌው። «አንተ የቱን ነው የምትሻው? ዱዓ እኮ በስሙ ነው ሚጠራ።»

ምን ልበል? የታመመች ሚስቴን ለልጅ ትቼ ደሴ ልቆይ ልበል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? ወይስ ልውረድ ብዬ በማግሥቱ ፒያሳ ጥግ እንደሚቆመው ሰው ልሁን? አንገቴን ደፋሁ። ሰው መተያየት ሲጀምር ከመጋረጃው ወዲያ ሳል ተሰማ፣ አወቅኩት።

«አጎቴ፣ እኔ ልናገርለት» አለች ባለቤቴ። «ባሌ ሥራውን ይወዳል። ደሴን ሚያህል አገር ሲጠራው እየዋለ ኸኔ ጋ ጓሮ ይቀመጥ አልልም። ለኔ ብሎ ኸጊዜው በፊት እንዳይወጣ ዱዓ አርጉልኝ። እኔንም እስኪመጣ ድረስ አላህ ያቆየኝ።»

ሴቶቹ «እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ» አሉ። አንድ ሽማግሌ ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝና «ታድለሃል» አለኝ። በእርግጥም የምፈልገው ሁሉ ነበር፣ ተለምኖ ሳይሆን ተመርቆ ተሰጠኝ። አጎቷ እጃቸውን ዘረጉ፣ ሁላችንም ዘረጋን።

«ያረቢ፣ ይህን ልጃችንን በሥራው ላይ አጽናልን!»

«አሚን!»

«ስድሳውን በሰላም አድርስልን!»

«አሚን!»

«ሚስቱንም እስኪመጣ አቆይልን!»

«አሚን!»

ከልጅነቴ ጀምሮ ዱዓ ላይ ተቀምጬ አድጌያለሁ። አሚን ለማለት አስቤ አላውቅም፤ እጅ ከተዘረጋ አፍ በራሱ ይከተላል። ያን ቀን ግን አፌ አልከተለም። «እስኪመጣ ድረስ ያቆየኝ» ያለችው ደረቴ ላይ ቆሞ ቀረ። የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ዝም ብላኝ የከረመችው አኩርፋኝ አልነበረም። እኔ የአገልግሎት ዘመኔን ስቆጥር እሷ ዕድሜዋን ስትለምን ከርማለች። ፈራሁ። ብርድ የመሰለ ፍርሃት በዚያ ሙቀት ውስጥ ያዘኝና እጄን አወረድኩ።

በዱዓ መካከል እጅ ማውረድ ነውር ነው። አጎቷ አዩኝ።

«ምነው ልጄ? አሚን አላልክም።»

«አላልኩም፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ፣ አልልምም።»

«አስተግፊሩላህ!» አለ ጉልበቴን የመታኝ ሽማግሌ፣ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ከመጋረጃው ወዲያ ሹክሹክታው ተነሣ። ልጄ «አባባ!» ስትል ሰማሁ።

«ኸተማረረ ሰው ነው እንዲህ ያለ ሚሰማው» አሉ አጎቷ። አልተቆጡም። «አንተ ምን አማረረህ?»

«እስኪመጣ ያቆየኝ ብላ ለመነች» አልኩ። «ባትቆይስ? እኔ አራት ዓመት ውሃ ስከፍት ስዘጋ ውዬ፣ ባትቆይልኝስ? ስድሳዬ ላይ ማን ጋ ነው የምወርደው?»

«እንግዲያው ሐጃህን አሁን ተናገር» አሉ አጎቷ።

«በዚህ ወር ሥራዬን ልልቀቅ። አብሬያት ልሁን።»

«ይኸውልህ፣ ስም አለው» አሉና እጃቸውን እንደገና ዘረጉ። ዱዓው ከመጀመሪያው ተጀመረ።

ወደ ኮምቦልቻ ስንመለስ ባለቤቴ ሚኒባሱ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። ልጄ መሐላችን ሆና አንዴ እኔን አንዴ እናቷን ታያለች። ቤት ደርሰን ልጃችን ወደ ልጆቿ ስትገባ፣ ባለቤቴ ነጠላዋን አጥፋ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችና ዞረችብኝ።

«ዱዓዬን በሰው ፊት መለስከው።»

«መለስኩት።»

«ወላሂ እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። እዚህ ምን ልትሠራ ነው?»

«አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነበር፤ ምንም አላሰብኩበትም። ፒያሳ ጥግ የሚቆመው ሰው ከነካፖርቱ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። እሱ ግን ቤቱ የሚጠብቀው የለም፣ ሚስቱ ሞታበታለች፤ ይህን ሁልጊዜ አውቀው ነበር፣ ለምን ቁልፉን ከእጄ ከመቀበሉ ጋር አያይዤ እንዳላሰብኩት ግን አላውቅም።

«ትሰለቻለህ» አለች። «ከዚያ ትነጫነጭብኛለህ።»

«እነጫነጫለሁ።»

ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፣ ሳል ሆነባት። ጀርባዋን ደገፍኳት እስኪያልፍላት። ከዚያ ነገ ጠዋት ደሴ ወጥቼ ማመልከቻውን እንደማስገባ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ግን መመላለሴ እንደማይቀር ነገርኳት። ሰኞ ስለሆነ በጠዋት እንደምወጣ፣ እንደ ወትሮውም እንደማልቀሰቅሳት ጨመርኩላት።

«የቱን ወትሮ?» አለች። «ሰኞ ሰኞ የተኛሁ እየመሰለህ ጫማህን በእጅህ አንጠልጥለህ ትወጣለህ። ተኝቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን ቻው እንኳ አትይኝም ነበር?»

ብርድ ልብሱን ወደ ራሷ ሳበች።

«አንዲት ቃል ካወጣሁ እንደማልለቅህ አውቃለኋ» አለችኝ።