ቆጣሪ የሚጥለው ካርድ

እህቴ ፀጉር ሠሪ ናት። እኔም ነኝ፤ ግን በሰፈሩ "ፀጉር ሠሪዋ" ሲባል እሷ ናት፣ እኔ "የፀጉር ሠሪዋ እህት" ነኝ። በዚህ አልከፋም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። አምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴትዮ፣ ራሷ ላይ ቢጎዲን ጠቅልላ፣ በላዩ ማዳመጫ ደፍታ፣ ከመጋረጃ ጀርባ "ከኋላህ ነው! ተኛ! ተኛ እንጂ!" እያለች ስትጮህ፣ ካስክ ውስጥ የተቀመጠችው ደንበኛ ደንግጣ የምትጠይቀው እኔን ነው። ምን ልበላት? "ምንም አይደል፣ ሰው እየገደለች ነው" እላታለሁ።

ቤታችን አንድ ክፍል ነው። ፊት ለፊት መስታወቱ፣ ሁለቱ የፀጉር ማድረቂያ ካስኮች፣ የውሃ ማሞቂያውና መታጠቢያው አሉ። ከመጋረጃው ወዲያ፣ ፎጣ በምናሰጣበት ጓዳ ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ተቀምጧል። ልጇ ትቶት የሄደው ነው። ያላት እሱ አንድ ብቻ ነው፤ ሥራ አግኝቶ ሩቅ ከተማ ከገባ ወዲህ ስትደውልለት "ደህና ነኝ እማ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ እደውላለሁ" ይላል። አይደውልም። እሑድ ከሰዓት ግን ጌም ይጫወታል። እህቴ ይህን የሰማች ዕለት ዕድሜዋን ሙሉ ፀጉር ስትጠቀልልበት የኖረችውን ጣት ኪቦርድ ላይ ጫነችው። ስንት ጊዜ ሞታ ስንት ጊዜ እንደተነሳች እኔና ፎጣዎቹ እናውቃለን። እጇ ፈጣን ስለሆነ ዋል አደር ብላ እንደ ሰው መተኮስ ጀመረች፤ የመጫወቻ ስሟን "ቢጎዲን" አለችና ከልጇ ጋር ጥንድ ሆነች። ጨዋታው ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚገባበት።

ታዲያ ምን ያወራሉ? ጥይት ስጪኝ፣ ጣሪያው ላይ አንድ አለ፣ ሩጪ። በቃ። አንድ ቀን ይህ ደግሞ ወሬ ነው ወይ ብላት፣ ድምፁን እሰማዋለሁ፣ አንቺ አርፈሽ ፎጣሽን እጠፊ አለችኝ። አጠፍኩ።

ነገር የመጣው ልጁ በመጀመሪያ ደመወዙ ስጦታ የላከላት ጊዜ ነው። ሰው ለእናቱ ጫማ ይልካል፣ ልብስ ይልካል። እሱ የላከው ስክሪን ነው። የጌም ስክሪን፣ ፎር ኬ የሚሉት፣ የመስታወታችንን ግማሽ የሚያህል። ደንበኞች ቢጎዲናቸውን እንደጠቀለሉ ጓዳ ገብተው አጨበጨቡለት። እህቴ ሰካችው፣ አበራችው፣ ጨዋታው ተከፈተ። ጥራቱስ ጥራት ነው፣ የሣሩ ቅጠል ይቆጠራል። ችግሩ ምንም ነገር አይንቀሳቀስም። አንድ እርምጃ ሄዶ ቀጥ፣ አንድ እርምጃ ሄዶ ቀጥ። ዞራ እስክታይ ተገድላለች። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ኮምፒውተር ጠጋኙን ጠራነው። ዶክተር እንለዋለን፤ ግንባሩ ላይ መብራት አስሮ የኮምፒውተሩን ሆድ ይከፍትና፣ ዝም ብሎ አይቶ አይቶ፣ "የታካሚው ቤተሰብ ማነው?" በሚል ፊት ቀና ይላል። ያን ቀንም ቀና አለ። ስክሪኑ ጤነኛ ነው፣ የደከመው ግራፊክስ ካርዱ ነው አለን። ስክሪኑ ላይ የምናየውን ሁሉ ነጥብ በነጥብ የሚስለው ካርዱ ነው አሉ። አዲሱ ስክሪን ደግሞ የድሮውን አራት እጥፍ ነጥብ አለው። አንድ ግድግዳ ሲቀባ ለኖረ ሰውዬ አራት ግድግዳ ሰጥቶ በዚያው ሰዓት ጨርስ እንደማለት ነው። ቀላሉንም መፍትሔ ነገራት፤ ሪዞሉሽኑን ዝቅ ያድርጉት፣ የሚሳለው ነጥብ ይቀንሳል፣ ጨዋታው ይሮጣል አላት።

እህቴ "ልጄ ሙሉ አድርጎ የላከልኝን እኔ ግማሽ አድርጌ ልየው?" አለችው። ዶክተሩ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ልጁ በየሳምንቱ እንዴት ነው ስክሪኑ፣ ይጠራል ወይ ሲላት፣ እንደ ምንጭ ውሃ ትላለች። አልዋሸችም፤ መጥራቱስ ይጠራል። ግን ሁልጊዜ ቀድማ የምትሞተው እሷ ናት። ያ አሮጌ ካርድ የአህያ ባል ሆነባት፣ ከጅብ አያስጥል። አንድ እሑድ ልጁ፣ እማ ደክሞሽ ከሆነ እኮ አንድ የሥራ ጓደኛዬ ጥንድ እንሁን እያለኝ ነው አላት። በደግነት ነው ያለው። እሷ ማዳመጫውን አውልቃ ወጣችና የአንዲት ደንበኛን ፀጉር እንዴት አጥብቃ እንደጠቀለለችው! ሴትዮዋ ቅንድቧ እንደተሰቀለ ቤቷ ገባች። ያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ። ከልጇ አጠገብ የቀራት አንድ ወንበር ነው፣ እሱንም ሌላ ሰው ሊቀመጥበት ነው።

ከዚያ በኋላ ፀጉር ቤታችን የካርድ ጉባኤ ሆነ። ካስክ ውስጥ የገባች ሁሉ ትመክራለች። ባንክ የምትሠራዋ ትልቁን ግዢ፣ ትልቅ ነገር አያሳፍርም ትላለች። ነርሷ ደግሞ ሙቀቱን ጠይቂ፣ ዕድሜ የሚያሳጥረው ሙቀት ነው ትላለች። ግራፊክስ ካርድ በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሴቶች ስለ ካርድ ሜሞሪ ሲጨቃጨቁ ማበጠሪያው እጄ ላይ ቀርቶ የምሰማው እኔ ነኝ።

በመጨረሻ ዶክተሩ ሁለት ያገለገሉ ካርዶች ይዞ መጣ። ይሞክሯቸውና የማይፈልጉትን ይመልሱልኛል አላት። አንዱ ትልቅ ነው፤ ሦስት ፋን አለው፣ ከርዝመቱ የተነሳ የኮምፒውተሩ ጎን አልዘጋ ብሎ ክፍቱን ቀረ። ለፎር ኬ የተሠራ ነው፣ ምንም ሳይቀንሱ ይጫወቱበታል አለ። ሁለተኛው መካከለኛ ነው። እሱም ስክሪኑን በሙሉ ጥራት ያነሳዋል፤ ጨዋታው ውስጥ ያለውን ጥላና ጭስ ትንሽ መቀነስ ብቻ ነው። ከዚያ ዶክተሩ በሩ አጠገብ ያለውን ቆጣሪያችንን አየና ያንን ፊቱን አሳየን። ትልቁ ካርድ መብራት ይበላል አለ። እሱ እየሠራ ማሞቂያውና ሁለቱም ካስኮች አንድ ላይ ከበሩ ይህ መስመር አይችለውም፣ ቆጣሪው ይጥላል። መካከለኛውን ግን ይችለዋል። "እትዬ፣ እኔን ከሰሙኝ መካከለኛውን ነው የምመክርዎ" አለ።

ማን ይስማው! እህቴ ትልቁ እያለ በትንሹ ይጀመራል ወይ ብላ ትልቁን አስገጠመችው።

እሑድ ደረሰ። ጨዋታው ሮጠ፣ የሣሩ ቅጠልም ተቆጠረ። እህቴ ገና ከመግባቷ ሁለት ሰው ጣለች። ልጁ እየሳቀ ዛሬ ምን በልተሽ ነው እያለ ሲያሞግሳት፣ ከመጋረጃው ጀርባ የእሷ ደረት ሲያብጥ ይታየኛል። እኔ ማሞቂያውን አብርቼ ራስ አጥባለሁ፣ አንደኛዋ ደንበኛ ካስክ ውስጥ ናት፣ ሌላዋ ተራ ትጠብቃለች። ይህቺ ሌላዋ እቸኩላለሁ አለችና ተነስታ ሁለተኛውን ካስክ በገዛ እጇ አበራችው። ጧ! ማሞቂያው፣ ካስኩ፣ ኮምፒውተሩ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም አለ።

እህቴ ከጓዳ ስትወጣ የአንድ ሰው ማበጠሪያ ይዛ ነበር፣ እኔ ጭንቅላት ላይ ልታሳርፈው ይመስለኛል። ያኔ ስልኳ ጮኸ። ልጁ ነው። እሱ ራሱ ደውሎ። ድምፁ ከስልኩ አልፎ እኛም ጋ ተሰማ፤ "እማ! ምን ሆንሽ? ወደቅሽ እንዴ?"

"ቆጣሪው ጥሎ ነው ልጄ፣ ደህና ነኝ" አለችው። ቻው ይላታል ብዬ ስጠብቅ አላለም። ጨዋታው ተቋርጧል፣ የሚሮጥበት የለ፣ የሚተኩስበት የለ፤ ወሬ ጀመረ። አብሮት የሚኖረው ልጅ ሲተኛ እንደሚያንኮራፋ፣ አለቃው ሰው ፊት እንደጮኸበት፣ ባለፈው ወር አሞት ተኝቶ እንደነበረና እንዳትጨነቅ ብሎ እንዳልነገራት። እሷ "እ... እ..." እያለች ትሰማለች። ቆጣሪው አጠገቧ ነው፣ በአንድ ጣት ቀና ቢያደርጉት ሁሉም ይበራል። ላበራው ጠጋ ስል ጀርባዋን ቆጣሪው ላይ ለጠፈችና በዓይኗ አባረረችኝ። ደንበኞቹ ፀጉራቸው ውሃ እያንጠባጠበ ተቀምጠዋል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት እነሱ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ግን ከሁላችንም አንድ ሰው እንኳ አላጉረመረመም፣ ነርሷማ በፎጣው ዓይኗን ጠረገች።

በሚቀጥለው ሳምንት ዶክተሩ ሁለቱንም ሳይሞክሩ አይወሰንም ብሎ በትልቁ ምትክ መካከለኛውን ካርድ ገጠመው። ጥላውና ጭሱ ተቀነሰ፣ ስክሪኑ በሙሉ ጥራቱ ሠራ፣ ሁለቱም ካስኮች በሩ፣ ማሞቂያውም በራ፣ ቆጣሪው ንቅንቅ አላለም። እህቴና ልጇ ያን ሁሉ ሰው ጨርሰው አንደኛ ወጡ። እማ ዛሬስ በላሻቸው ብሎ ጮኸ። የሥራ ጓደኛውም ነገር ተረሳ። ከዚያ "በይ ቻው እማ" አለና ወጣ። ወደ ጓዳ ብቅ ስል ማዳመጫውን ጭኗ ላይ አድርጋ ያንን የሚያምር ስክሪን ዝም ብላ ታየዋለች። አሸነፍሽ አይደል፣ ምን ሆነሽ ነው አልኳት። አሸነፍኩ አለች። እንዲህ ሆና ያሸነፈች ሰው አይቼ አላውቅም።

ዶክተሩ የሚመለሰውን ካርድ ሊወስድ መጣ። ትልቁን ከጠረጴዛው አንስቶ ሳጥኑ ውስጥ ሊከት ሲል እህቴ ተወው አለችው። የምትመልሰው መካከለኛውን ነው። ዶክተሩ መካከለኛው ካርድ ጨዋታ ላይ አስቸግሯት እንደሆነ ጠየቀ፣ አላስቸገረኝም አለች።

"እትዬ፣ ትልቁን ቆጣሪዎ አይችለውም ብዬዎታለሁ እኮ።"

"ለዚያ ነው" አለችው።

ሰውዬው ግራ ተጋባ። ደግ ሰው ነው፤ እንግዲያውስ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አምጥቼ መስመርዎን ላስጠነክርልዎ አለ። እህቴ መቀሱን እያንቀጫቀጨች "መስመሬን የነካ እጁ አይተርፍም" አለችው። ትልቁን መልሶ ገጠመና መካከለኛውን በሳጥኑ ይዞ ውልቅ አለ። እኔም አበድሽ ልል አፌን ከፍቼ፣ የሷን ፊት ሳይ መልሼ ዘጋሁት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

አሁን እሑድ እሑድ ሥራ አለኝ። አንዷን ደንበኛ ካስክ ውስጥ አስገባለሁ፣ ማሞቂያውን አበራለሁ፣ ከዚያ ጆሮዬን ወደ መጋረጃው አደርጋለሁ። እነሱ ይሮጣሉ፣ ይተኩሳሉ። እህቴ በቃኝ ስትል ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፤ እኔ ባዶውን ካስክ አበራዋለሁ። የቆዩት ደንበኞች ለምደውታል፣ ሲጨልም ቦርሳቸው ውስጥ ማስቲካ ይፈልጋሉ።

ባለፈው እሑድ ታዲያ ጨዋታው ጣፍጧት ይሁን ምን አላውቅም፣ ጉሮሮዋን ሳትጠርግ ብዙ ቆየች። እጄን ማብሪያው ላይ አድርጌ ስጠብቅ ክንዴ ደነዘዘ። በስንት ጊዜዋ "እህም" አለች፣ እኔም አበራሁት፣ ጧ አለ። ስልኳ ወዲያው ጮኸ። ድምፁን ለእኔም እንዲሰማኝ ከፍ አድርጋዋለች። እንደ ልማዷ "ቆጣሪው ጥሎ ነው ልጄ" ልትል አፏን ስትከፍት ቀደማት።

"እማ፣ ዛሬ ቆጣሪው ምነው ዘገየ?"