ሌባ የሚጠብቀው ሰውዬ

ፎንቆ ከተማ ከተከራየሁበት ቤት ፊት ለፊት አንድ ሽማግሌ ይኖራል። በየዓመቱ ዘመነ ምጽአት ገብቶ ካህኑ «ነቅታችሁ ጠብቁ» ብለው በሰበኩ ማግስት፣ የቤቱን በር ከነማጠፊያው ነቅሎ ግድግዳው ላይ ያስደግፈዋል። ከዚያ ካፖርቱን ደርቦ፣ ቦት ጫማውን ተጫምቶ፣ በጠራራ ፀሐይ ባትሪ አብርቶ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው ራሱን በጥፊ ያነቃል፤ ጥፊው እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። የሰው ፍየል ዘው ስትል ፊቷ ላይ ያበራና «አንቺ አይደለሽም» ብሎ ይመልሳታል።

ዘንድሮ ማራኪ የምትባል ጎረቤቱን አላስቻላትም።

«አባባ፣ ሌባ ቢገባብዎትስ?»

«ጌታ ‹እንደ ሌባ እመጣለሁ› ብሎ የለ? ሌባን ቆልፈው ነው እንዴ የሚጠብቁት?»

«እኔ እውነተኛውን ሌባ ነው ያልኩት።»

«እውነተኛውማ ልጄ ነው» አላት። «በሬዬን ነድቶ ሸጠና ደቡብ አፍሪካ ገባ። ከዚያ ወዲያ ድምፁም የለም።»

ሽማግሌው ባትሪውን ወደ መኪናው መንገድ አዞረ።

«ከሁለቱ የቀደመው ይግባ።»