«በሼሽ» ያሉኝ ቀን

አጎቴ ቀርከሃ ሲሰነጥቁ ከአፋቸው የማትጠፋ ቃል «በሼሽ» ነበረች፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። አንድ ቀን አሶሳ የምሠራበት ቤተ ሙከራ መጡ። ትንፋሽ የሚለካ ሴንሰር ለመሥራት የፋይበር ኦፕቲኩን የመስታወት ክር ሽፋን ልጬ፣ በአልኮል ጠርጌ፣ በእሳት እያሞቅኩ እስኪሳሳ እስባለሁ። ሁልጊዜ ይበጠስብኛል። ጥቂት አዩና «ቸኮልክ ልጄ፤ በሼሽ» አሉኝ። ሴት ብሆንም፣ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም ነበር። እጄን ይዘው አብረውኝ ሳቡ፤ ክሩ ሳይበጠስ ከፀጉር ቀጠነ።

ከወራት በኋላ ከባምባሲ ደወሉ። ድምፃቸው ይቆራረጥ ነበር።

«ደረቴ አመመኝ። ሥራ ጨርስ፣ በሼሽ ና።»

ቃላቸውን እንዳለ ወሰድኩት። እሳት ላይ የነበረውን ክር ጨረስኩና ሌላ ጀመርኩ። በማግስቱ ስደርስ ቀብረዋቸው ተመልሰዋል፤ በእኛ ዘንድ ቀብር አይዘገይም።

በረንዳው ላይ ግማሹ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ከነገጀራቸው ተቀምጧል፤ ማንም አላነሳውም። ለቅሶ የመጣ ሁሉ «ሥራ ላይ ነበርሽ፣ ምን ታደርጊ» ይለኛል። የሰው ትንፋሽ የሚለካ ክር ነበር የምሠራው። የእሳቸው ትንፋሽ ሲያጥር ግን በጆሮዬ ሰምቼ ስልኩን ዘጋሁት።