ታየች ዝም ያለችበት መንገድ

የጉለሌዋ ታየች በዕድሜዋ ከአገር የወጣችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚያ ጉዞ ሰው ሲጠይቃት «ብርድ ነው፣ ሰፊ ነው፣ በቃ» ብላ ታልፈዋለች። ሽሮ ሜዳ ባለው የሸማ ሠሪዎች ማኅበር ውስጥ ሃያ ዓመት ጥጥ ፈትላለች፤ የእሷን ድርና ማግ ሸማኔዎቹ ተሻምተው ነበር የሚወስዱት። በ1975 ዓ.ም. ክረምት ማኅበሩ ሁለት ኮከብ ሠራተኞች መርጦ ወደ ሶቪየት ኅብረት ለጉብኝት ሲልክ አንዷ እሷ ሆነች። ሁለተኛዋ የጥልፍ ሠራተኛዋ አፀደ ነበረች።

ታየችና አፀደ በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑ ጎረቤታሞች ናቸው። አፀደ ባሏ ከሞተ በኋላ ከእናቷ ከእማማ ወለተማርያምና ከአንድ ልጇ ከማሚቴ ጋር ትኖራለች። ማሚቴ ያን ክረምት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስምንተኛ ወሯን ልትይዝ ነበር። ባሏ ወታደር ነው፣ ያለውም አሥመራ ነው።

«አልሄድም» ብላ ነበር አፀደ። «ልጄን እንዲህ ሆና ጥያት የት እሄዳለሁ?»

«የምትወልደው ለመስቀል ነው። እኛ ነሐሴ ሳያልቅ እንመለሳለን» አለቻት ታየች። «ደግሞ እማማ አሉላት። እኔንና አንቺን ሁለተኛ ማን አውሮፕላን ላይ ያወጣናል፣ አንቺ ሴት?»

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ታየች አውሮፕላኑን ብቻዋን መሳፈር ፈርታ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ለመነቻት፤ ቀለደች፣ ተቆጣች፣ አኮረፈች። በአራተኛው ቀን አፀደ እሺ አለች።

ጉብኝቱ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ከየፋብሪካውና ከየማኅበሩ የተውጣጡ አሥራ አራት ሰዎች ነበሩ። አስጎብኚያቸው ሉድሚላ የምትባል ወጣት ሴት ናት፤ አማርኛ በዩኒቨርሲቲ ተምራ «እባክዎ ወደ ግራ ይመልከቱ» ስትል ከመጽሐፍ የምታነብ ትመስላለች። በትንሽ ቀይ ባንዲራ ትመራቸዋለች፤ አውቶቡስ ውስጥ በገቡና በወጡ ቁጥር በጣቷ እየጠቆመች ትቆጥራቸዋለች። ከጫማ ፋብሪካ የመጣው ደቻሳ «እንደ በግ ነው የምትቆጥረን፣ ለበዓል ልትሸጠን ነው መሰለኝ» እያለ ያስቃቸው ነበር።

የመጨረሻው ቀን ከሁሉም የባሰ ነበር። ያደሩት ከሞስኮ የስድስት ሰዓት መንገድ በሚርቅ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ውስጥ ነው። በመንገዱ ላይ ሐውልት አለ፣ ሙዚየም አለ፣ የሠራተኞች መመገቢያ አዳራሽ አለ፤ ሁሉም ታይቶ ማታ አውሮፕላን ጣቢያ መድረስ አለባቸው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሻንጣቸውን ይዘው ሆቴሉ በር ላይ ተሰለፉ። የታየች እግር አብጦ ጫማዋ አልገባ ብሏት ተረከዙን ረግጣው ቆማለች።

የቡድኑ መሪ ጓድ አጥናፉ ያኔ ነው ወደ ዳር የጠራት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጓድ ታየች...» አለና ቃሉን ተወው። «እትዬ ታየች፣ አሁን ከኤምባሲው ተደውሎ ነበር። የእትዬ አፀደ ልጅ በምጥ ሞታለች። ከተቀበረች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሕፃኗ ተርፋለች።»

ታየች የአውቶቡሱን ጎን በእጇ ያዘች። ቀዝቃዛ ነበር።

«እዚህ ሰው አገር መርዶ አይነገርም» አለ አጥናፉ። በስብሰባ ላይ የሚጮኸው ድምፁ የት እንደገባ እንጃ። «ቤቷ ትግባ፤ ዘመድ ባለበት፣ ሽማግሌ ባለበት። እኔ ለሌሎቹ ነግሬያቸዋለሁ። ከሷ የማይለይ ሰው ያስፈልጋል። ያንቺ ፊት ነው የሚያሳስበኝ።»

«ፊቴ ምንም አይሆንም» አለች ታየች።

አውቶቡሱ ውስጥ አፀደ መስኮቱን ለታየች ለቃላት ጠበቀቻት። «ዛሬ ደግሞ ምን አስቀየምሽው? ሲያዋራሽ አየሁ።»

«ሻንጣሽ ከብዷል አለኝ።»

«የኔ ነው እንጂ የከበደው! የማሚቴ ዕቃ ሞልቶበት።» አፀደ ሳቀች።

ጫካው አያልቅም። ነጭ ግንድ ያለው ዛፍ፣ ከዚያ ድንች፣ ከዚያ እንደገና ነጭ ግንድ። ታየች ከሦስት ሰዓት በላይ ያንን እያየች ተቀመጠች። አፀደ ትከሻዋ ላይ አንገቷን ጥላ ስታንቀላፋ፣ ነቅታ ስታወራ፣ ደግሞ ስታንቀላፋ አልተነቃነቀችም። ለሽንት በቆሙበት ቦታ አንዲት ትንሽ ሱቅ ነበረች። አፀደ ሁለት የሕፃን ቆብ አንሥታ ዞረች።

«ቀይዋን ወይስ ነጯን?»

«ቀይዋን፣ ለሴት ልጅ...» አለችና ታየች ምላሷን ነከሰች።

«ሴት መሆኗን በምን አወቅሽ፣ አንቺ ጠንቋይ?»

«ሆዷ ክብ ነበር» አለች ታየች። እጇን ሰድዳ ቆቡን ራሷ ገዛችው።

ወሩ የፍልሰታ ጾም ነው። ሁለቱ ሴቶች ከነሐሴ አንድ ጀምሮ በየገበታው ዳቦ፣ ኪያር፣ ቲማቲምና ሻይ ብቻ ነበር የሚቀምሱት። ሉድሚላ ታመሙ ብላ ሐኪም ልትጠራ ነበር። ደቻሳ ሥጋውን እየቆረጠ «እናንተ ሳሩን ግጡ፣ የናንተን ድርሻ እኔ እጸድቅበታለሁ» ይላቸዋል። ጓድ አጥናፉ አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

የዚያን ዕለት ምሳ ዶሮ ነበር። ታየች አፀደ ፊት ያለውን ዳቦ አየች። በጉለሌ መርዶ የሚጠብቀው ሰው ሳያውቀው እህል እንዲቀምስ ይደረጋል፤ ከሰማ በኋላ ስንት ቀን እንደሚውል አይታወቅምና። ዛሬ ካልበላች መቼ ትበላለች? አውሮፕላኑ አለ፣ ነገ አለ፣ ከነገ ወዲያ አለ። ታየች ሳታስበው የዶሮውን ሳህን ወደ እሷ ገፋችው።

«ብዪ» አለቻት።

አፀደ የምትቀልድ መስሏት ሳቀች። «እንዴ!»

«መንገደኛ ነሽ። እግዜር ይቅር ይላል። ብዪልኝ፣ በሞቴ።»

ደቻሳ ደግሞ ከዚያ ማዶ ተነሥቶ ሻይ አመጣላት፤ ስኳሩን ራሱ አማሰለው። አጥናፉ የራሱን ዳቦ ቅቤ ቀብቶ አስጠጋላት። አንዲት ሴት ፖም ላጠችላት። አንድም ሰው አልቀለደም።

አፀደ ሳህኖቹን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ታየችን አየቻት። ሃያ ዓመት አብረው ጾመዋል፤ ታየች በወባ ተኝታ እንኳ ረቡዕን አልሻረችም። አፀደ ደግሞ በሠፈሩ ዕድር ውስጥ መርዶ ሲነገር ከሴቶቹ ተመርጣ የምትሄደው እሷ ናት። ስንቷን ሴት እንዲህ «ብዪ፣ በሞቴ» ብላ እንዳበላች ታውቃለች።

ዳቦዋን ቁራሽ ቆርሳ ጎረሰች። ዶሮውን አልነካችውም።

ሐውልቱ ጋ ሲደርሱ መቶ የሚሆን ደረጃ ነበረው። ሉድሚላ ባንዲራዋን ይዛ ቀደመች። አፀደ የወጣችው የታየችን ክንድ ይዛ ነው፤ ቡድኑ የያዘውን አበባ ሐውልቱ ሥር ያስቀመጡት ሁለቱ ናቸው። ሙዚየሙ ውስጥ ሉድሚላ ስለ ቆዩ የሽመና መኪናዎች ስትገልጽ ሁሉም እግሩን እየቀያየረ ቆሟል። አፀደ አንዱ መኪና ላይ የተወጠረውን ክር ዓይኗን ሳትነቅል ታየው ነበር። ታየች ግን አስጎብኚዋ ከምትናገረው አንዲት ቃል አልገባትም።

አውሮፕላን ጣቢያ የደረሱት ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ነው። ሌሎቹ ሻንጣ ሊያስመዝኑ ሲሰለፉ ሁለቱ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አፀደ ነጠላዋን እያስተካከለች ቆየች።

«ታየች።»

«አቤት።»

«ስሟን አትጥሪ። ሥርዓቱን አውቃለሁ። ቤቴ ገብቼ ሽማግሌዎቹ ይነግሩኛል።» የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ጠቀለለች። «እናቴ ናት። አይደል?»

ታየች አፏን ከፈተች።

«ሰማንያ ዓመቷ ነው» አለች አፀደ፤ እንባዋ ያለ ድምፅ ይወርዳል። «ስሄድ እንኳ አቅፋ ስማኝ፣ ‹በሕይወት ካገኘሽኝ› ብላኛለች። ቀኗ ነው። ልጄ ብቻ አሳዘነችኝ። በዚያ ሆዷ ብቻዋን ቀበረቻት።»

አሁን ልንገራት አለች ታየች በልቧ። አሁን። ግን የት ላይ ትወድቃለች? ማን አብሯት ይጮኻል? ሉድሚላ ባንዲራዋን ይዛ ወዲያ ትቆጥራለች። አጥናፉ ከሰልፉ ውስጥ አንገቱን አስግጎ ያያታል። ታየች የአፀደን እጅ ያዘች፣ ጨበጠችው፤ አፀደም ያንን መልስ አድርጋ ወሰደችው።

«ተመስገን» አለች አፀደ። «ከሁሉም ተመስገን። እኔኮ ያን ዶሮ ሳይ፣ ልጄን ነበር ያሰብኩት። የማይሆን ነገር አሰብኩ። ተመስገን፣ እናቴ ናት።»

በአውሮፕላኑም ላይ ደጋግማ ተመስገን አለች። ታየች እያንዳንዱን ሰማች።

ቦሌ ሲወርዱ ጠዋት ነበር፣ ዝናብም ይዘንባል። የማኅበሩ መኪና ይዛቸው ወደ ጉለሌ ወጣች። የተመከረው አፀደ መጀመሪያ ታየች ቤት እንድትገባ ነው፤ የዕድሩ ሽማግሌዎች እዚያ ተቀምጠዋል። መኪናዋ ጭቃው ላይ ስትቆም አፀደ ነጠላዋን ራሷ አዘቅዝቃ ለብሳ ወረደች። «እናቴ፣ እናትዬ» እያለች ደረቷን ይዛ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደች።

እማማ ወለተማርያም ሽማግሌዎቹን አልጠበቁም። ጥቁር ለብሰው በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ያለ ምርኩዝ፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ።

አፀደ ቆመች። እናቷን አየች። እናቷ እጃቸውን ዘርግተው ይመጣሉ። ዝናቡ በሁለቱ መካከል ይወርዳል። ከዚያ አፀደ ቀስ ብላ ዞረችና ታየችን አየቻት። የዚያን ጊዜ ዓይኗ ጥላቻ አልነበረበትም፤ የምትጠይቅ ሰው ዓይን ነበር። የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው።

የሠፈሩ ሰው ታየችን አመሰገናት። ሽማግሌዎቹ «ልብ ያላት ሴት ናት፤ ያን ሁሉ አገር ችላ አመጣቻት» አሉ። ታየች ድንኳኑ ውስጥ ቀናቱን ሁሉ ውሃ ቀዳች፣ ሳህን አጠበች፣ ሕፃኗን ጡጦ አጠባች። አፀደ አንድ ቀን ትናገረኛለች ብላ ትጠብቅ ነበር። «ለምነሽ ወስደሽ ልጄን አስገደልሽኝ» ትለኛለች ብላ መልሱን አዘጋጅታ፣ እግሯ ላይ ልወድቅ ብላ ነበር።

አፀደ የተናገረችው ሕፃኗ ክርስትና በተነሣችበት ቀን ነው። እንግዳው ሄዶ ሁለቱ ብቻቸውን ቀርተው ዕቃ ያነሣሉ።

«ስለ መሄዴ አልቀየምሽም» አለች አፀደ፣ ቀና ሳትል። «እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ታየች የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች።

«ስላልነገርሽኝም አይደለም። እኔም ብሆን አልነግርሽም ነበር። ሥርዓቱ ነው።» አንድ ሳህን በሌላው ላይ ደረበች። «ግን ልጄ አፈር ውስጥ ሆና እኔ ተመስገን አልኩ። ስንቴ አልኩ፣ ታየች? አጠገቤ ነበርሽ።»

«አልቆጠርኩም።»

«አፌን በእጅሽ ብትይዢልኝ ምን ነበረበት?»

አፀደ የቀሩትን ሳህኖች ደርድራ አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች።